ማዘር ትሬዛዎች ጋ ሰው አድርሼ መጣሁ (የብርድ ልብስ ነጋዴ ሪቪው)

እኔ ያው ደብረ ብርሃን ላይ ባና (ያ ከበግ ፀጉር የሚሸመነው ወፍራሙ)፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ምናምን ነው የምሸጠው፣ ሲመቸኝ ደግሞ የበላሁበትን ምግብ ቤትና የተሳፈርኩበትን መኪና እጽፋለሁ፣ የሚሳደብም የሚያመሰግንም አለ። የዛሬው ግን ምግብ ቤት አይደለም። ገንዘብ ያልተከፈለበት አገልግሎት እንዴት ኮከብ ይሰጠዋል እያልኩ ሁለት ሳምንት ሳመነታ ቆየሁ፣ በኋላ ግን ስንት ብር አውጥቼ የበላሁትን ደረቅ ጥብስ ሁሉ ስጽፍ ከርሜ ይሄን ብተወው ነውር ነው አልኩና ተቀመጥኩ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የጥቅምት ብርድ እኛ ጋ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከተማው 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተሰቀለው፣ ሌሊት ውጪ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሰርቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ከመንዝ በኩል የመጡ አባባ መናኸሪያው አካባቢ ሲንከላወሱ ከርመው አንድ ማለዳ ሱቄን ልከፍት ስሄድ በረንዳው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው፣ እግራቸው አብጦ ቆስሎ ሽታው ራሱ አያስጠጋም። ዘመድ የለዎትም ወይ ስላቸው "ነበሩኝ" አሉ በቃ፣ ከዛ ወዲያ ስለዘመድ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ከሱቄ አጠገብ ሻይ የምታፈላ ጎረቤት አለችኝ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። አጥሚትም ገንፎም እያመላለሰች ያቆየቻቸው እሷ ናት፣ እኔማ አንድ አሮጌ ባና ጣል አድርጌላቸው ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናቸው (ስሙን አልጠራም፣ የዛሬው ጉዳዬ እሱ አይደለም) ሦስት ቀን አስተኝተው ቁስሉን አጥበው አሽገው "ተሽሏቸዋል፣ ከቤታቸው እየተመላለሱ ይታከሙ" ብለው አስወጧቸው። ቤታቸው የቱ ነው? የኔ በረንዳ!

"እትዬ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?" ስላት "ምን ይሻላል ትለኛለህ እንዴ፣ አዲሳባ ማዘር ትሬዛ አሉ አይደል፣ መኪና ፈልግና እናድርሳቸው" አለች። እኔ ማዘር ትሬዛን የማውቃት በፎቶ ነው፣ ያቺ ጎንበስ ያለች ነጭ ለባሽ አሮጊት፣ እውነቱን ለመናገር ሴትየዋ ከሞተች ነገሩም አብሮ የተዘጋ ነበር የሚመስለኝ።

ስለመንገዱ ብዙ አልልም። ኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ 8000 ብር ተስማምቶ በሽተኛውን ሲያይ "ወንበሬ ይበላሻል" ብሎ 11000 አደረገው፣ ስሙን ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር ግን ይቅር፣ ኮከብ ዜሮ። ጫጫን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ደግሞ እትዬ አቁሙልኝ አለች፣ ቅቤ ልትገዛ! በሽተኛ ይዘን! ስቆጣት "የማናውቀው ሰው ቤት ሰው ልናስጠጋ እየሄድን በባዶ እጅ ልትገባ ነው?" አለችኝ፣ እኔም ዝም፣ ሾፌሩም ዝም፣ የሸኖ ለጋ ተገዝቶ መንገድ ቀጠልን።

እንግዲህ አገልግሎቱ። እሷ ያቋቋመቻቸው መነኮሳት ካሏቸው ቤቶች አንዱ ደረስን፣ ግንብ አጥር፣ በር፣ ዘበኛ፣ በሩ ላይ ከኛ ቀድመው የመጡ ሰዎች። ያ ሁሉ ድርጅት በየመንገዱ እንደሚተክለው ትልቅ ታፔላ እዚህ አላየሁም፣ ላንድክሩዘርም የለም። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሲስተር መጣች፣ ያው ነጭ ሳሪ ጠርዙ ላይ ሦስት ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ቀጭን፣ ነጠላ ጫማ። ወዲያው ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ተንበርክካ የአባባን እግር ነው ያየችው። እኔ ደብዳቤ ይጠይቁናል ብዬ የቀበሌ ወረቀት፣ የጤና ተቋሙን ካርድ፣ የራሴን መታወቂያ ኮፒ ሁሉ በፌስታል ጠቅልዬ ይዣለሁ። እሷ ግን በተሰባበረ አማርኛ "አባ፣ ስም ማነው?" ብላ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸው ነገሯት፣ ከዛ ሁለት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ካርዷን ግን አየቻት፣ የተሰጣቸውን መድኃኒት ስታነብ ነበር።

እትዬ ግን ሆዷ አልቆረጠም። የኛ አገር ሰው ካቶሊክ ሲባል ነገሩ ቶሎ አይዋጥለትም፣ ይሄ ደግሞ የትናንት አይደለም፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እያሉ እዚሁ ልቼ ላይ የካቶሊኩን ሚስዮናዊ አባ ማስያስን አስጠግተው በኋላ አፄ ዮሐንስ በ1879 (በፈረንጅ) ከአገር አስወጧቸው፣ እና ከአያቶቻችን ጀምሮ ያለ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ እትዬ ፊት ለፊት "ሲስተር፣ እኚህ ሰው ኦርቶዶክስ ናቸው እኮ፣ ዛሬም ረቡዕ ነው" አለቻት። ሲስተሯ አየት አድርጋት "ሽሮ አለ" አለች። አለቀ። ስለሃይማኖት የተደረገው ውይይት በሙሉ ይሄ ነበር፣ ቅቤውንም ዓርብ ጭምር ካለፈ በኋላ ይደርሳል ብላ ተቀበለቻት።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የማዘር ትሬዛ ቅድስና አይደለም፣ እሱ የቤተክርስቲያናቸው ጉዳይ ነው፣ በ2016 በፈረንጅ ቅድስት ብለዋታል፣ ጨርሰዋል። የኔ ጥያቄ የነጋዴ ጥያቄ ነው፣ ቅርንጫፉን እንዴት ነው የሚከፍቱት? እኔ ጠባሴ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቼ በስምንት ወር ዘግቻለሁ፣ መንገዱ ያው፣ ከተማው ያው፣ ዕቃው ያው፣ ግን እኔ የሌለሁበት ሱቅ ሱቅ አልሆን አለኝ። እነዚህ ሴቶች ከ5000 በላይ ሆነው ከ130 በላይ አገር ውስጥ ነው ያሉት፣ ያውም ባለቤትየዋ ከሞተች ስንት ዓመቷ። ከዛን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስለነሱ ማንበብ ሆነ ሥራዬ፣ ሚስቴ ልትመነኩስ ነው ወይ እስክትል።

ሴትየዋ አልባኒያዊት ናት፣ በ1910 ስኮፕዬ የሚባል ከተማ ተወልዳ (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) በ18 ዓመቷ የሎሬቶ መነኮሳት ጋ ገብታ ህንድ ሄደች፣ ካልካታ ላይ አስተማሪ ነበረች፣ ደህና ግቢ፣ ደህና ትምህርት ቤት። በ1946 በባቡር ወደ ዳርጂሊንግ ስትሄድ ነው ከግቢው ወጥተሽ ድሆቹ መሀል ኑሪ የሚል ጥሪ መጣልኝ የምትለው። ደስ ያለኝ ነገር ተጠራሁ ብላ በማግስቱ ዘላ አልወጣችም፣ ፈቃዱን እስከ 1948 ጠብቃ፣ ከዛም ፓትና ሄዳ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምራ ነው የጀመረችው። የመጀመሪያዋ ተከታይ የራሷ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። በ1950 ኦክቶበር 7 ማህበሩ በይፋ ሲቋቋም 12 ገደማ ነበሩ። አስራ ሁለት! የኛ ሰፈር የጽዋ ማህበር ራሱ ከዛ ይበልጣል።

እና ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ምንም፣ 10 ዓመት ገደማ ካልካታ ቁጭ አሉ። የቤተክርስቲያናቸው ሕግ ነው አሉ፣ አዲስ ማህበር ወዲያው ከሀገረ ስብከቱ ወጥቶ ቤት መክፈት አይችልም። በ1952 ካሊጋት የሚባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ አጠገብ መንገድ ላይ ለሚሞቱ ሰዎች ቤት ከፈቱ፣ ቀጥሎ ለተጣሉ ሕፃናት፣ ቀጥሎ የሥጋ ደዌ ሕሙማን፣ እዛው ከተማ። ከካልካታ ውጪ የወጡት በ1959 አካባቢ ነው፣ ራንቺ፣ ዴልሂ እያሉ። እኔ ጠባሴን የከፈትኩት ዋናው ሱቅ በተከፈተ በዓመቱ ነው። ልብ በሉልኝ።

ከህንድ ውጪ የመጀመሪያው ቤት በ1965 ቬንዙዌላ ውስጥ ኮኮሮቴ የሚባል ቦታ ነው፣ ከዛ ሮም፣ ታንዛኒያ ታቦራ፣ በ1971 ኒውዮርክ ብሮንክስ። እዩት እንግዲህ፣ ከድሃ አገር ተነስተው ሀብታም አገር ገብተው ሀብታሙ አገር ውስጥ ያለውን ድሃ ነው የፈለጉት፣ ሌላው ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው። እኛ ጋ የመጡት በ1973፣ የወሎ ረሃብ ጊዜ። ሴትየዋ ራሷ መጥታ ጃንሆይን አግኝታለች፣ ከመንግሥት ምን ትፈልጊያለሽ ስትባል ምንም፣ እህቶቼ ድሆቹን እንዲያገለግሉ ፈቃድ ብቻ አለች ይባላል። በዓመቱ ጃንሆይ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ እነሱ ግን አሉ፣ በ77ቱም (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ድርቅ አሉ። ያኔ ደግሞ ቦብ ጌልዶፍ ያ ረዥም ፀጉሩ ዘፋኝ አዲሳባ አየር ማረፊያ አግኝቷት ነበር፣ እሱ እንደሚያወራው ሴትየዋ በመንገዷ ባዶ ሕንጻዎች አይታ ኖሮ ካሜራ ፊት ባለሥልጣኑን ለሕፃናት ማሳደጊያ ስጠኝ ብላ ያዘችው፣ ሰውየው በሰው ፊት እንዴት እምቢ ይበል። ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ቅድስት ምናምን ትሁን እንጂ ገበያ መርካቶ ብትውል አንድም ሰው አይችላትም ነበር።

ደግሞ መኪናዋ። በ1964 ሊቀ ጳጳሱ (የሮሙ) ህንድ መጥተው ሲመለሱ የተሳፈሩባትን ነጭ ሊንከን ሰጧት፣ እሷ አንድ ቀን ሳትሄድባት ሎተሪ አወጣችባት፣ ብሩ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ሆነ። በ1979 ኖቤል ስትሸለም የእራት ግብዣው ቀርቶ ብሩ ለድሆች ይሁን አለች። እኛ አገር አንድ ድርጅት 20 ኩንታል ስንዴ ሊያድል ሆቴል ተከራይቶ ወርክሾፕ ያደርግ የለ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እንደገባኝ ከሆነ ሚስጥሩ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ለመጀመር ሌላ አገር የማይገኝ ዕቃ የለም። ባልዲ፣ ሳሙና፣ ድስት፣ አልጋ፣ እጅ። አንዲት ሲስተር ያላት ሁለት ሦስት ሳሪ፣ ነጠላ ጫማ፣ መቁጠሪያ፣ ባልዲዋ፣ ይሄን ይዛ ከህንድ ቬንዙዌላ ብትሄድ ሥራው ያው ነው፣ ሥልጠናም መለዋወጫም አትጠብቅም። ሳሪው ራሱ ቲታጋር የሚባል ቦታ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሸምኑት ነው፣ ይሄን ሳውቅ የመንዝ ሸማኔዎቼ ትዝ አሉኝ፣ ሴቶቹ ፀጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባናውን ይሸምናሉ፣ ግን እኛ ነጋዴዎቹ ከፋብሪካ የመጣውን አስቀድመን እየሰቀልን የነሱን ጥግ ነው የምናደርገው፣ እሱ ሌላ ጊዜ።

ሌላው ሰው አያያዛቸው ነው። አንዲት ልጅ መጥታ ልግባ ካለች እስከ መጨረሻው መሐላ ወደ 9 ዓመት ይፈጃል፣ ሥራውን ደግሞ ከመጀመሪያው ትነካዋለች። ሌሎች መነኮሳት ሦስት ነው የሚምሉት፣ ድህነት፣ ንጽሕና፣ መታዘዝ፣ እነሱ አራተኛ አላቸው፣ ከድሃም የመጨረሻውን ድሃ ያለክፍያ በሙሉ ልብ ማገልገል። ያለክፍያ የሚለው መሐላ ውስጥ ስላለ ነገ ተነስታ ካርድ ማውጫ 50 ብር ልትል አትችልም። እኔ ጠባሴ ያስቀመጥኩትን ልጅ ያሠለጠንኩት አንድ ቅዳሜ ነው።

እና ሌላው የመነኮሳት ዓለም እየቀነሰ ነው ያለው፣ በ1970 አካባቢ በዓለም ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ የካቶሊክ መነኮሳት ነበሩ፣ አሁን 600 ሺህ ገደማ፣ አውሮፓና አሜሪካ ትልልቅ ገዳማት እየተሸጡ ነው። እነዚህ 12 ሆነው ጀምረው ሴትየዋ በ1997 ስትሞት ወደ 4000 ደርሰው ከ120 በላይ አገር ገብተው ነበር፣ ከሷ በኋላም አልቆመም። ገና እሷ በሕይወት እያለች ደግሞ ኩባ ካስትሮ አስገባቸው፣ ሶቪየት በ1988 የአርሜኒያ መሬት ሲንቀጠቀጥ በሩን ከፈተላቸው፣ የመንም ገቡ። ምክንያቱ ይመስለኛል ሴቶቹ ከህንድ፣ ከኬንያ፣ ከሩዋንዳ፣ ከኛው ዓይነት አገር የወጡ ናቸው፣ ድህነቱ አይደንቃቸውም። የመን ላይ ግን በ2016 ኤደን ከተማ ታጣቂዎች ቤታቸው ገብተው አራት ሲስተሮችን ገደሉ፣ ሁለቱ ሩዋንዳ፣ አንዷ ህንድ፣ አንዷ ኬንያ፣ አብረዋቸው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም ተገድለዋል። ይሄን ያህል ራቅ ያለ አገር የኛ ልጆች እዛ ቤት ውስጥ ሲሠሩ እንደነበር አላውቅም ነበር፣ ያን ማታ ማንበቡን እዛው አቆምኩ።

አሁን ሪቪው ነውና ጉድለትም ይነሳል፣ ዝም ብዬ ማመስገን አልወድም። በ1994 ላንሴት የሚባለው የሐኪሞች መጽሔት አዘጋጅ ካልካታ ያለውን ቤት አይቶ ምርመራው የላላ ነው፣ ለሚያቃትት ሰው ጠንካራ ማስታገሻ የለም ብሎ ጽፏል፣ ሌሎችም ያን ያህል ብር ከመጣላቸው ለምን ዘመናዊ ሆስፒታል አልሠሩም፣ ለምን ሂሳቡ በይፋ አይታይም ብለው ከሰሷት። ከማይረቡ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ብር ተቀብላለች የሚልም አለ፣ የሄይቲ ዱቫሊየርን ጨምሮ። የሕመሙ ነገር እኔንም ይከብደኛል፣ ሰው ሲያቃትት ጸሎት ብቻ አይበቃም። ሆስፒታል ለምን አልሠሩም የሚለው ግን አልገባኝም፣ ሆስፒታልማ አባባ ገብተው ነበር፣ በሦስት ቀን ነው ያወጣቸው። የጎደለው ከሆስፒታል በኋላ የሚያስገባ ቤት ነው። ሂሳቡን ግን ቢያወጡት ጥሩ ነበር እላለሁ፣ እኔ ለአንድ ጋቢ ደረሰኝ እየቆረጥኩ።

ከወር በኋላ እኔና እትዬ ልንጠይቃቸው ሄድን፣ በዚህኛው ዙር በሕዝብ መኪና፣ ተምረናል። አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጢማቸው ተላጭቶ፣ እግራቸው ባይድንም ንጹሕ በንጹሕ ታስሮ፣ አጠገባቸው ካለው ወጣት ጋር (አእምሮው ትንሽ የታወከ ይመስለኛል) ቆሎ ይቆረጥማሉ። ደህና ነዎት ወይ ስላቸው "እዚህ ብርድ የለም" አሉኝ፣ የመንዝ ሰው አዲሳባን ብርድ የለም ቢል እውነቱን ነው። እትዬ ቁጭ ብላ ስለ ረቡዕና ዓርብ፣ ስለ ጸበሉ አንድ ባንድ ጠየቀቻቸው፣ የገብርኤል ጸበል በላስቲክ ይዛላቸው ሄዳ ነበር፣ አጠጣቻቸው፣ ማንም ምን ታደርጊያለሽ አላላትም።

እኔ ደግሞ ከሱቄ የመጨረሻውን ምርጥ ባና ይዤ ነው የሄድኩት፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ፣ 15 ዓመት የሚለበስ፣ ለሲስተሯ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ዘረጋችው፣ በሁለት እጇ መዘነችው፣ ፊቷ ፈገግ አለ፣ ከዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ጓሮው ሙሉ ገመድ ነው፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የሕሙማን ልብስ፣ ሁሉም በእጅ በገንዳ የሚታጠብ፣ በየቀኑ። እና በዛች አማርኛዋ "ይሄ ውሃ ሲገባ ማን ይነሳል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ውሃ የጠጣ ባና ሁለት ጎረምሳ አያነሳውም፣ በክረምት ደግሞ ሳምንት አይደርቅም። ሃያ ዓመት ባና ስሸጥ ማጠቢያው ትዝ ብሎኝ አያውቅም፣ እኛ አገር ባና አይታጠብማ፣ ፀሐይ ላይ ይራገፋል እንጂ።

ኮከብ አምስት ከአምስት፣ አንዷን ኮከብ ለሂሳቡ ልቀንስ ነበር፣ ለሽሮው መለስኳት። በሽተኛ ልታደርሱ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቦታ ሁልጊዜ ላይኖር ይችላል፣ የታከመበትን ወረቀት ያዙ፣ መኪናውን ሕመምተኛውን አሳይታችሁ ተዋዋሉ። ልትጠይቁ ከሆነ ደግሞ ሳሙና፣ በረኪና፣ ስስ ብርድ ልብስ ቶሎ የሚደርቀውን። ስሱም እኔ ጋ አለ፣ ለዚህ ጉዳይ ነው ካላችሁኝ በገዛሁበት እሰጣለሁ። ባናዋን አልመልስም ብዬ ለበረኛው ተሰጠች፣ ስወጣ ተከናንቧት በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፣ በጣም አምራበታለች።